ለበርካታ ትምህርት ቤቶች የኢንተርኔት አቅምና የኔትወርክ ዝርጋታ ማቀድ፦ ደረጃ በደረጃ

«ኢንተርኔቱ ይጎተታል» የሚለው ቅሬታ ሲበዛ መጀመሪያ የሚታሰበው ፍጥነት መጨመር ነው። ደብዳቤ ይጻፋል፣ በጀት ይለቀቃል፣ 200 ሜጋቢት የነበረው 500 ይሆናል። ወር ሳይሞላ ያው ቅሬታ ይመለሳል። የጠበበው ቦታ ሌላ ነበራ! ዋይፋዩ ሊሆን ይችላል። በሁለት ሕንፃዎች መካከል የተዘረጋ አሮጌ ኬብል ሊሆን ይችላል። አንዳንዴም ማንም ልብ ያላለው የአድራሻ (ኔትወርኩ ለእያንዳንዱ መሣሪያ የሚሰጠው ቁጥር) እጥረት ነው።

ከተማሪው ላፕቶፕ እስከ ኢንተርኔት አቅራቢው ድረስ መረጃው ብዙ በር ያልፋል። ፍጥነቱን የሚወስነው ከሁሉም ጠባቡ በር ነው። ሌላውን ብታሰፉት ጥቅም የለውም። ስለዚህ ዕቅዱ ከዋጋ ዝርዝር ሳይሆን ጠባቡን በር ከመፈለግ ይጀምራል።

መመሪያው በአንድ ጽሕፈት ቤት ሥር ያሉ በርካታ ትምህርት ቤቶችን ኔትወርክ ለሚያቅዱ ነው። አንድ ትምህርት ቤት ብቻ ያላችሁም ሦስተኛውን ደረጃ ዘላችሁ ልትጠቀሙበት ትችላላችሁ።

ስለ መለኪያው አንድ ነገር እናጥራ። ፋይል የሚለካው በባይት ነው፣ መስመር ግን በቢት። 8 ቢት አንድ ባይት ነው። ስለዚህ 100 ሜጋቢት የተባለ መስመር በሰከንድ ቢበዛ 12.5 ሜጋባይት ነው የሚያወርደው። ከዚህ በኋላ ሜጋቢትና ጊጋቢት ስንል ሁሌም «በሰከንድ» ማለታችን ነው።

ደረጃ 1፦ ያለውን ለኩ

ቢያንስ ሁለት ሳምንት፣ ቢቻል አንድ ወር፣ ትምህርት ባለበት ወቅት ለኩ። ራውተሩ (ግቢውን ከኢንተርኔት የሚያገናኘው መሣሪያ) እና ስዊቾቹ (በግቢው ውስጥ ኬብሎቹን የሚያገናኙት) በየ5 ደቂቃው ያሳለፉትን መጠን መዝግቦ ግራፍ የሚሠራ ነፃ ሶፍትዌር ሞልቷል። አብዛኛው የሚሠራው መሣሪያዎች ሁኔታቸውን በሚናገሩበት ኤስኤንኤምፒ በሚባለው መንገድ ሲሆን ለቢሮ የተሠሩ ስዊቾች በብዛት ይደግፉታል።

አማካይ ቁጥር አያታልላችሁ። ሌሊቱን ማንም የለም፣ ቅዳሜና እሁድም እንዲሁ። የሃያ አራት ሰዓቱ አማካይ 60 ሜጋቢት ቢያሳይ ረፋዱ ላይ መስመሩ ጥግ ድረስ ሞልቶ ሊሆን ይችላል። የትምህርት ሰዓቱን ብቻ ውሰዱ። ልኬቶቹን ከትልቅ ወደ ትንሽ ደርድሩ፣ ከላይ 5 በመቶውን አውጡ፣ ከቀሩት ትልቁን ያዙ። ባለሙያዎች «95ኛው ፐርሰንታይል» የሚሉት ይህን ነው። ለአፍታ ብቻ ብልጭ ያለውን ጫና ያወጣላችሁና እውነተኛውን ይተዋል።

ቀጥሎ ሦስት ቦታ ላይ የፍጥነት ሙከራ አድርጉ። አንደኛ፣ ላፕቶፕ በኬብል በቀጥታ ከራውተሩ ጋር ተገናኝቶ። ሁለተኛ፣ በኬብል፣ ግን ክፍል ውስጥ ካለው የግድግዳ ሶኬት። ሦስተኛ፣ እዚያው ክፍል ውስጥ በዋይፋይ፣ ተማሪዎች እየሠሩ ሳለ። ሦስቱ ቁጥሮች ጎን ለጎን ሲቀመጡ ብዙ ይናገራሉ።

ለምሳሌ 480፣ 470፣ 20 ሜጋቢት ካገኛችሁ ችግሩ ያለው ዋይፋዩ ላይ ነው፤ ተጨማሪ መስመር መግዛት ብር መበተን ነው። 480፣ 94፣ 60 ከሆነስ? ይቺ 94 ቁጥር በደንብ ትታወቃለች። አንድ ጊጋቢት መሆን የነበረበት ግንኙነት ወደ 100 ሜጋቢት ወርዷል ማለት ነው። ጊጋቢት አራቱንም ጥንድ ሽቦዎች ይፈልጋል። አንዷ ጥንድ ከተበጠሰች ወይም ጫፏ በደንብ ካልተነከሰ መሣሪያዎቹ ድምፃቸውን አጥፍተው ወደ 100 ይወርዳሉ። ማስጠንቀቂያ የለም፣ መብራቱም እንደወትሮው ብልጭ ድርግም ይላል። የአንዲት የኬብል ጫፍ ጉዳይ ነው። ሦስቱም ቦታ ላይ ከውሉ ጋር የተቀራረበ ቁጥር እያያችሁ በመጨናነቂያው ሰዓት ግን ግራፉ አናቱ ላይ ጠፍጥፎ ከታየ፣ ያኔ መስመሩ በእውነት አንሷችኋል።

ደረጃ 2፦ የተማሪ ቁጥርን ሳይሆን አጠቃቀሙን አስሉ

መነሻ የሚሆን አንድ ቁጥር አለ። የአሜሪካው የኮሙኒኬሽን ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2014 ለትምህርት ቤቶች ግብ ሲያወጣ ለ1,000 ተጠቃሚ በአጭር ጊዜ 100 ሜጋቢት፣ በረጅም ጊዜ 1 ጊጋቢት አለ። በሁለቱ መካከል አሥር እጥፍ ልዩነት አለ። እናንተ የት ላይ እንደምትወድቁ የሚወስነው ክፍል ውስጥ የሚሠራው ነገር ነው።

አንድ ምሳሌ እንሥራ። 1,200 ሰው ያለበት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አለን እንበል። በመጨናነቂያው ሰዓት 840 መሣሪያዎች በአንድ ጊዜ ተገናኝተዋል። ከእነዚህ 200ዎቹ፣ ማለትም 40 ተማሪ ያለባቸው አምስት ክፍሎች፣ እያንዳንዳቸው በየላፕቶፓቸው ቪዲዮ ያያሉ። ባለ 720 ጥራት ቪዲዮ ወደ 2.5 ሜጋቢት ይፈልጋል። 200 በ2.5 ሲባዛ 500 ሜጋቢት። የቀሩት 640 ገጽ ይከፍታሉ፣ ይጽፋሉ፣ መልመጃ ይሠራሉ። ለእነዚህ በአማካይ 0.2 ሜጋቢት ብንይዝ 128። ለቢሮው፣ ለስልክና ለመሳሰለው 40። ድምሩ 668 ሜጋቢት።

አሁን እነዚያ አምስት ክፍሎች ቪዲዮውን በየላፕቶፑ መክፈት ትተው መምህሩ በፕሮጀክተር ቢያሳይስ? የተሻለ ጥራት፣ 5 ሜጋቢት በክፍል ብንሰጠው እንኳ 25 ሜጋቢት ብቻ። ድምሩ 193 ይሆናል። ትምህርቱ ያው፣ ሰዓቱ ያው፣ የመስመር ፍላጎቱ ግን ከሲሶ በታች።

ይህን የማሳየው ተማሪው ቪዲዮ አይክፈት ለማለት አይደለም። ለብቻው እያቆመና እየመለሰ ማየቱ የሚጠቅምበት ትምህርት አለ። ነገር ግን ውሳኔው የመምህራኑ ነው፣ ሒሳቡ ደግሞ የእናንተ። ሳትነጋገሩ ያቀዳችሁት ዕቅድ ግምት ብቻ ነው። ስለዚህ መምህራኑን ጠይቁ። በየላፕቶፑ ቪዲዮ የሚያስፈልገው የቱ ትምህርት ነው? በኦንላይን የሚሰጥ ፈተና አለ? ስንት ክፍል በአንድ ጊዜ ይፈተናል? ፈተና ብዙ የመስመር አቅም ባይፈልግም መቆራረጥን አይታገሥም። የቪዲዮ ስብሰባ ካለ ደግሞ አፕሎዱንም (ከግቢው ወደ ውጪ የሚላከውን) አስሉ፤ ካሜራ የከፈተ ሁሉ ይልካል። በአንድ አቅጣጫ መዘግየቱ ከ150 ሚሊሰከንድ ካለፈ ንግግሩ መደራረብ ይጀምራል፤ ያኔ ሜጋቢቱ ብዙ መሆኑ አያድንም።

ትምህርት ቤቶቹ በአንድ የጋራ መስመር የሚወጡ ከሆነ (ደረጃ 3ን ተመልከቱ) ለሁሉም ስትደምሩ ደግሞ ሁሉም ጥግ የሚደርሱት በአንድ ደቂቃ አለመሆኑን አስቡ። ሁለት ሁለተኛ ደረጃዎች በ668፣ ስምንት አንደኛ ደረጃዎች በ150 ቢሆኑ ድምሩ 2,536 ሜጋቢት ነው። ጫናው ስለማይገጣጠም 70 በመቶውን ብንወስድ 1,775፣ 30 በመቶ መተንፈሻ ስንጨምርበት 2,308። እንግዲህ 2.5 ጊጋቢት ውል ይበቃል። 70 በመቶዋን ግን ከኔ አትውሰዷት፤ ከራሳችሁ ግራፍ አውጧት።

የሚረሳ ነገር፦ የሶፍትዌር ማሻሻያ። 500 ላፕቶፖች እያንዳንዳቸው የ2 ጊጋባይት ማሻሻያ ቢያወርዱ 1,000 ጊጋባይት ነው። አንድ ጊጋቢት መስመር ሌላ ሥራ ሁሉ ትቶ ይህን ብቻ ቢያወርድ ከሁለት ሰዓት በላይ ይፈጃል። ሰኞ ጠዋት ላፕቶፖቹ እኩል ሲከፈቱ ጉድ የሚፈላው ለዚህ ነው። መፍትሔው ርካሽ ነው። ማሻሻያውን አንዴ አውርዶ በግቢው ውስጥ የሚያከፋፍል ሰርቨር አቁሙ፣ ወይም ዊንዶውስና ማክ ውስጥ ያለውን የማከፋፈያ አገልግሎት አስተካክሉና ማውረዱ ከትምህርት ሰዓት ውጪ እንዲሆን አድርጉ። ሜጋቢት ከመጨመር በፊት ይህ ይቅደም።

ደረጃ 3፦ ትምህርት ቤቶቹን እርስ በርስ አገናኙ

ሁለት መንገድ አለ። ወይ እያንዳንዱ ትምህርት ቤት የራሱን ኢንተርኔት ይገዛል፣ ወይ ሁሉም ወደ አንድ ማዕከል ተገናኝተው በአንድ ትልቅ መስመር ይወጣሉ። የመጀመሪያው ቀላል ነው፤ አንዱ ቢቋረጥ ሌላውን አይነካም። ሁለተኛው አቅሙን ያጋራል፤ አንዱ ትምህርት ቤት ሲያርፍ ሌላው ይጠቀምበታል። ጥበቃውና ማጣሪያውም አንድ ቦታ ይሆናል። አደጋው ግልጽ ነው፤ ማዕከሉ ሲወድቅ ሁሉም ይወድቃል። ትምህርት ቤቶቹ ተቀራርበው ካሉና ፋይበር (መረጃን በብርሃን የሚያሳልፍ የመስታወት ክር) ከተገኘ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። ተራርቀው ካሉ ግን በግድ ማዕከላዊ ማድረግ ትርፉ ድካም ነው።

ለመስመሩ ፋይበር ካለ ሌላ አትፈልጉ። የመሣሪያውን ጫፍ በመቀየር ብቻ ያው ገመድ ከ1 ወደ 10 ጊጋቢት ያድጋል። ያልበራ ፋይበር (መሣሪያ ያልተገጠመለት ባዶ ክር) ተከራይታችሁ በራሳችሁ መሣሪያ ማብራት ትችላላችሁ፣ ወይም አገልግሎቱን አብርቶ የሚሰጥ ድርጅት ትይዛላችሁ። የመጀመሪያው በረጅም ጊዜ ሊረክስ ይችላል፤ ሲበላሽ የሚሯሯጥ ሰው ግን የእናንተ ነው። ባለሙያ ከሌላችሁ አትሞክሩት።

ፋይበር በማይደርስበት ቦታ ምሰሶ ለምሰሶ የሚተያይ የሬዲዮ ግንኙነት ጥሩ አማራጭ ነው። መካከሉ ላይ ዛፍም ሆነ ሕንፃ መኖር የለበትም፤ ዛፍ እንደሚያድግም አትርሱ። በ60 ጊጋኸርትዝ የሚሠሩት ፈጣን ናቸው፣ ከባድ ዝናብ ግን ያዳክማቸዋል። ሳተላይት የመጨረሻው ምርጫ ነው። ከምድር ወገብ በላይ 35,786 ኪሎሜትር ከፍታ ላይ ባሉት ሳተላይቶች ምልልሱ ግማሽ ሰከንድና ከዚያ በላይ ስለሚወስድ የቪዲዮ ስብሰባ ያታክታል። ዝቅ ብለው የሚዞሩት በዚህ በኩል ብዙ ይሻላሉ።

ደረጃ 4፦ የግቢው ኬብልና ስዊች

የመዳብ ኬብል ወሰኑ 100 ሜትር ነው። 90ው ግድግዳ ውስጥ፣ የቀረው 10 ሜትር በሁለቱ ጫፍ ላሉ ፓች ኮርዶች (አጫጭር ማገናኛ ኬብሎች)። «105 ሜትር ምን ያደርጋል» የሚል ዘርጊ ካጋጠማችሁ እሺ አትበሉ። ዛሬ ይሠራል፣ ነገ ይቆራረጣል፣ ምክንያቱን ፈልጎ ማግኘት ደግሞ መከራ ነው።

አዲስ የምትዘረጉ ከሆነ ለአክሰስ ፖይንቶች (ዋይፋዩን የሚያሰራጩት መሣሪያዎች) ካት 6ኤ የሚባለውን የመዳብ ኬብል ዘርጉ፤ 10 ጊጋቢትን እስከ 100 ሜትር ይሸከማል። ካት 6 ይህን የሚያደርገው እስከ 55 ሜትር ገደማ ነው። ያለውን ካት 5ኢ ግን ተቻኩላችሁ አትንቀሉ። ደህና ከተዘረጋ 1 ጊጋቢትን ያለ ችግር፣ 2.5ንም በአብዛኛው ይችላል።

በሕንፃዎች መካከል ግን መዳብ አትዘርጉ፣ ርቀቱ 30 ሜትር ቢሆንም። የሁለቱ ሕንፃዎች የመሬት ግንኙነት ስለሚለያይ በመብረቅ ጊዜ ኃይሉ በኬብሉ ገብቶ ስዊቹን ያቃጥላል። ፋይበር መስታወት ነው፤ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። ሲንግል ሞድ የሚባለውን አስገቡ። ሁለት ክር ብቻ ብትፈልጉም ባለ 12 ክር ዘርጉ፣ ባዶ ቱቦም አብራችሁ ቅበሩ። ውዱ ነገር ቁፋሮው እንጂ ክሩ አይደለም።

ስዊች ስትመርጡ ብዙ ሰው የሚያየው የቀዳዳውን ቁጥር ነው። ሁለት ነገር ጨምሩ። አንደኛው ወደ ዋናው ስዊች የሚወጣው መስመር ነው፤ 10 ጊጋቢት ይሁን። ሁለተኛው በኬብሉ በኩል የሚሰጠው ኤሌክትሪክ፣ ማለትም ፒኦኢ። አንድ ባለ 24 ቀዳዳ ስዊች በእያንዳንዱ ቀዳዳ እስከ 30 ዋት እሰጣለሁ ሊል ይችላል። ጠቅላላ አቅሙ ግን 370 ዋት ሊሆን ይችላል። 24 በ30 ሲባዛ 720 ነው። ስለዚህ ግማሽ ያህሉን ብቻ ነው በሙሉ ኃይል የሚያበራው፤ ሌሎቹ አክሰስ ፖይንቶች አይነሡም ወይም አቅማቸውን ቀንሰው ይሠራሉ። ይህ ቁጥር የሚገኘው በዝርዝር መግለጫው ውስጥ ነው፣ ማስታወቂያው ላይ አይጻፍም።

ደረጃ 5፦ ዋይፋይ

አብዛኛው ቅሬታ የሚወለደው እዚህ ነው። ዋናው ስሕተት አክሰስ ፖይንቶችን በኮሪደር መደርደር ነው። ለመትከል ይቀላል፣ በሥዕሉ ላይም ያምራል። ነገር ግን ኮሪደሩ ላይ አክሰስ ፖይንቶቹ እርስ በርሳቸው በደንብ ይሰማማሉ፣ ተማሪው ጋ ደግሞ ግድግዳ አልፈው ደክመው ይደርሳሉ። ክፍል ውስጥ ስቀሏቸው። ሁሉም ተማሪ መሣሪያ ካለው በየክፍሉ አንድ፣ አጠቃቀሙ ቀለል ካለ ለሁለት ክፍል አንድ።

ዋይፋይ ላይ አየሩ የጋራ ነው። በአንድ ቻናል (የሬዲዮ መስመር) አንዱ ሲናገር ሌላው ይጠብቃል። በ2.4 ጊጋኸርትዝ የማይደራረቡት ቻናሎች ሦስት ብቻ ናቸው፤ 1፣ 6 እና 11። ሃያ ክፍል ላለው ሕንፃ ይህ የትም አያደርስም። ስለዚህ ሥራው በ5 ጊጋኸርትዝ ይሁን፣ አገሩ ከፈቀደና መሣሪያዎቹ ከቻሉ በ6 ጊጋኸርትዝም። የቻናሉን ስፋት 20፣ ቢበዛ 40 ሜጋኸርትዝ አድርጉት። 80 ላይ ስታደርጉት የአንድ ላፕቶፕ የፍጥነት ሙከራ ያስደስታል፤ ቻናሎቹ ስለሚያንሱ ግን ሕንፃው በሙሉ ይጎዳል።

የማሰራጫ ኃይሉንም ጥግ ድረስ አታድርሱት። አክሰስ ፖይንቱ ቢጮህ ስልኩ መልሶ መጮህ አይችልም። ምልክቱ ሙሉ ይመስላል፣ ግንኙነቱ ግን ይቆራረጣል። የዋይፋይ ስሞችን ከሦስት ወይም ከአራት አታብዙ፤ እያንዳንዱ ስም ራሱን ሲያስተዋውቅ የሚበላው የአየር ጊዜ አለ። እነዚያን የድሮ 1 እና 2 ሜጋቢት ፍጥነቶችም ዝጓቸው።

ሁሉንም ሕንፃ ከመሸፈናችሁ በፊት አንድ ክፍል ላይ ሞክሩ። 40 ላፕቶፖች በአንድ ጊዜ ያው ቪዲዮ ይክፈቱ። ባዶ ክፍል ውስጥ የተደረገ ሙከራ ምንም አይነግራችሁም።

ደረጃ 6፦ አድራሻ፣ ክፍፍልና ጥበቃ

«ዋይፋይ ይዟል፣ ኢንተርኔት ግን የለም» የሚባለው ነገር ብዙ ጊዜ ምንጩ እዚህ ነው። የተለመደው የራውተር አቀማመጥ 254 አድራሻ ብቻ ይሰጣል። ተማሪው ላፕቶፕም ስልክም ካለው 130 ሰው ሳይሞላ አድራሻው ያልቃል። ቀድሞ የመጣ ይጠቀማል፣ አርፍዶ የመጣ ይንከራተታል። ለተማሪዎች 1,022 ወይም 2,046 አድራሻ የሚሰጥ ክልል መድቡ፣ ስልኮችና እንግዶች የያዙትን አድራሻ የሚለቁበትን ጊዜም ወደ አንድ ወይም ሁለት ሰዓት አሳጥሩት።

ኔትወርኩን በቪላን (በአንድ ኬብልና ስዊች ላይ ተለያይተው የሚሠሩ ኔትወርኮች) ከፋፍሉ። ተማሪ፣ መምህር፣ የቢሮ ሥራና የተማሪ ውጤት የሚቀመጥበት ሰርቨር፣ ካሜራ፣ እንግዳ፤ ሁሉም ለየብቻ። በየትምህርት ቤቱ አንድ ዓይነት ቁጥር ተጠቀሙ። የካሜራው ቪላን ሁሉም ጋ 40 ከሆነ ችግር ሲፈታ ማንም አይደናገርም።

ፋየርዎል (ገቢና ወጪውን መረጃ የሚፈትሽ መሣሪያ) ሲገዛ «10 ጊጋቢት» የሚለውን ርዕስ እለፉት። ያ ቁጥር ምንም ሳይፈትሽ ሲያሳልፍ ነው። ቫይረስ ሲፈትሽ፣ ድረ ገጽ ሲያጣራ፣ የተመሰጠረውን ሲከፍት ግማሹ ወይም ከዚያ በታች ሊሆን ይችላል። በጽሑፍ ጠይቁ፦ ሁሉም ፍተሻ በርቶ ስንት ጊጋቢት ያሳልፋል?

ደረጃ 7፦ መብራትና መጠባበቂያ

ስዊቾቹ ያሉበት ቁም ሣጥን ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆይ መሣሪያ) ይፈልጋል። «1,000 ቪኤ» የሚለው የሚሸከመውን ጭነት እንጂ የሚቆይበትን ደቂቃ አይናገርም። የዋቱን ጭነት ደምሩና በዚያ ጭነት ስንት ደቂቃ እንደሚቆይ ሠንጠረዡን ተመልከቱ። የሊድ አሲድ ባትሪው በሦስት እስከ አምስት ዓመት ይሞታል፣ ክፍሉ ሞቃት ከሆነ ከዚያም በፊት። የመቀየሪያውን ገንዘብ ከአሁኑ በጀት ውስጥ ጻፉት።

ሁለተኛ መስመር ስትይዙ የአቅራቢውን ስም ሳይሆን መንገዱን ጠይቁ። የሁለት ድርጅቶች ፋይበር በአንድ ቦይ ከገባ አንድ ቁፋሮ ሁለቱንም ይቆርጣል። የሁለተኛው መስመር መጠን የዋናውን ያህል መሆን የለበትም። ፈተናውን፣ ቢሮውንና ስልኩን ከያዘ ይበቃል፤ ቪዲዮው ያን ቀን ይቅር።

ደረጃ 8፦ ውልና ርክክብ

ውሉ ውስጥ እነዚህ ይግቡ። ፍጥነቱ ለብቻችሁ የተመደበ ነው ወይስ ከሌላ ጋር የምትጋሩት? አፕሎዱስ? ሲቋረጥ በስንት ሰዓት ይጠገናል፣ ካልተጠገነ ምን ይቀነሳል? አቅሙ ሲያድግ ዋጋው ስንት ይሆናል? የመጨረሻዋን ዛሬ ካልተስማማችሁባት ነገ መደራደሪያ የላችሁም። ምሳሌያችን ላይ 2.5 ጊጋቢት ብንገዛም መገናኛው ባለ 10 ጊጋቢት እንዲሆን ጠይቁ። ያኔ ማሳደግ የደብዳቤ ጉዳይ ይሆናል እንጂ አዲስ መሣሪያ አያስገዛም።

ዝርጋታውን ስትረከቡ የእያንዳንዱን ኬብል የሙከራ ውጤት ተቀበሉ። «ይሠራል» በቂ አይደለም። ሶኬቶቹ ቁጥር ይኑራቸው፣ ያው ቁጥር ቁም ሣጥኑ ውስጥም ይጻፍ። የይለፍ ቃሎች፣ የመሣሪያዎቹ ቅንብር ቅጂና የዝርጋታው ንድፍ በጽሕፈት ቤታችሁ እጅ ይግቡ፤ ዘርጊው ዘንድ ብቻ ከቀሩ ለትንሽ ለውጥ ሁሉ እሱን መለማመጥ ነው። የመጨረሻው ክፍያ የሚለቀቀው ከላይ ያለው የ40 ላፕቶፕ ሙከራ በየትምህርት ቤቱ ካለፈ በኋላ ይሁን።

ከዚያ የደረጃ 1ን ግራፍ አታጥፉት። በመጨናነቂያው ሰዓት 95ኛው ፐርሰንታይል ለተከታታይ ሳምንታት ከውሉ 70 በመቶ በላይ ከቆየ የማሳደጊያውን ደብዳቤ ጻፉ። ግዢው ወራት ስለሚፈጅ 100 እስኪሞላ አትጠብቁ።